ከጅማ ሆኖ የልጆች ልብ ተመራማሪ ለመሆን ከየት ይጀመራል?

ባለፈው ሰሞን ሁለት ሬዚደንቶች፣ ማለትም ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማሩ ሐኪሞች፣ ሕሙማንን በየአልጋው ዞረን ካየን በኋላ ኮሪደር ላይ ጠብቀው ያዙኝ። ጥያቄያቸው አንድ ነው። «የልጆች ልብ ላይ መመራመር እንፈልጋለን፤ ግን ጅማ ቁጭ ብለን ምን እንሠራለን? ማሽኑ እንደልብ የለ፣ ገንዘቡ የለ።» ቸኩዬ ስለነበር በሁለት ቃል መልሼ ሄድኩ። ማታ ቤት ስገባ ቅር አለኝ። ስለዚህ በደንብ ልጻፈው፤ ለእነሱም፣ እንደነሱ ለሚያስብ ለሌላውም።

ማሽኑን ለጊዜው ተዉት። ኢኮ፣ ማለትም ልብን በድምፅ ሞገድ የሚያሳየው አልትራሳውንድ፣ ያስፈልጋል፤ እሱ አያከራክርም። ምርምሩ ግን የሚጀመረው ከመዝገብ ነው። ዛሬ ያያችሁት ልጅ ከስድስት ወር በኋላ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ከዐሥር ዓመት በኋላ የት እንዳለ ማወቅ ከቻላችሁ ተመራማሪ ናችሁ። ካልቻላችሁ ግን የቱንም ያህል ውድ ማሽን ቢኖራችሁ በእጃችሁ ያለው የአንድ ቀን ፎቶ ብቻ ነው።

የትምህርቱ መንገድ የታወቀ ነው። ጠቅላላ ሐኪም ትሆናላችሁ፤ ከዚያ የሕፃናት ሕክምና ስፔሻሊቲ፣ እሱ እዚሁ ጅማ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ከዚያ ለልብ ሰብ ስፔሻሊቲ ጥቁር አንበሳ ወይም ውጭ ትሄዳላችሁ። ዓመታቱ ረጅም ናቸው። ግን ፌሎውሺፕ (የሰብ ስፔሻሊቲውን ሥልጠና) እስክጨርስ እያላችሁ ምርምሩን አታቆዩት። ጅማ የተማረ ሰው ገና ተማሪ ሳለ በሲቢቲፒ (ኅብረተሰብ ውስጥ በሚሰጠው ሥልጠና) ቤት ለቤት ዞሯል፣ በቲቲፒ (በቡድን በሚሰጠው ሥልጠና) ጤና ጣቢያ ከርሟል፣ መጠይቅ ይዞ ጭቃ ረግጧል። ያ ልምድ ሀብት ነው፤ ተጠቀሙበት።

ቀጥሎ አንድ በሽታ ምረጡ። የልጆች ልብ ሰፊ ነው። አብሮ የሚወለድ ችግር አለ፤ በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 8 ወይም 9 ገደማ የሚሆኑት ይዘውት ይወለዳሉ። ኋላ የሚመጣም አለ፤ ዋናው የሩማቲክ የልብ በሽታ ነው። ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ጉሮሮ ያሳምማል፤ ሰውነት ባክቴሪያውን እዋጋለሁ ሲል የገዛ ልቡን ቫልቭ (ደም የሚያልፍበትን በር) አብሮ ይመታል፤ ይህ ሲደጋገም ቫልቩ ይጠነክራል፣ ይጣበቃል፣ ወይም ደም ወደ ኋላ ያፈሳል።

የኔን ምክር ካላችሁ ከሩማቲኩ ጀምሩ። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ በአገራችን በተለያዩ 6 አካባቢዎች ኢኮ ይዞ ትምህርት ቤቶችን የዞረ ጥናት ከ1,000 ተማሪ 19 ላይ በሽታውን አግኝቷል። ልብ በሉ፣ ታመምን ብለው ሐኪም ቤት የመጡ አይደሉም፤ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብለው የሚማሩ ልጆች ናቸው። በሽታው የሚጀምረው እኛ ሰፈር ነው፣ መከላከያውም ርካሽ ፔኒሲሊን ነው። አብሮ በሚወለደው ላይ መሥራት የሚፈልግም ጥያቄ አያጣም፤ ለምሳሌ ከተወለዱ በኋላ መዘጋት የነበረበት የደም ቧንቧ ክፍት ሆኖ መቅረቱ ከፍታ ቦታ ላይ እንደሚበዛ ይታወቃል፣ ጅማ ደግሞ ራሷ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፣ ዙሪያዋን ከጊቤ ሸለቆ እስከ ዴዶ ደጋ ስትሄዱ ከፍታው ይቀያየራል።

አሁን ወደ ጥያቄው። ጥያቄያችሁን ከሰው አፍ አንሡ። ይህን ያስተማረችኝ ከአጋሮ በኩል የመጣች የ11 ዓመት ልጅ ናት። መሮጥ ካቆመች ቆይታለች፣ ማታ በሁለት ትራስ ነው የምትተኛው። ኢኮው ላይ በግራው የልብ ክፍል ያለው ሚትራል ቫልቭ ጫፉ ተይዞ መሐሉ ወደ ፊት ይነፋል፤ ልክ እንደታጠፈ ጉልበት። አንዴ ያየው ሰው አይረሳውም። አባቷን «ጉሮሮዋን አሟት ያውቃል?» አልኩት። «ኧረ በፍጹም።» አጠገቤ የነበረችው ነርስ ጣልቃ ገብታ በአፋን ኦሮሞ ስለ እንጥል ጠየቀችው። ሰውዬው ወዲያው ፊቱ በራ። እንጥሏማ ስንት ጊዜ ወርዷል! አንዴማ ባህላዊ አዋቂ ጋ ወስደው አስቆርጠዋታል።

እስከዚያ ቀን ድረስ መጠይቄ ላይ የነበረው «የጉሮሮ ሕመም» የሚል ቃል ብቻ ነው። ስንቱን እናትና አባት በተሳሳተ ቃል ጠይቄ «የለም» ብዬ እንደመዘገብኩ ሳስበው አሁንም ይቆጨኛል። ስለዚህ መጠይቅ ከማዘጋጀታችሁ በፊት አንድ ሁለት ቀን ተራ መጠበቂያው ጋ ተቀመጡና አዳምጡ። ሰው «ቶንሲል» ይላል፣ «እንጥል» ይላል፣ ለመገጣጠሚያ ሕመሙ «ቁርጥማት» ይላል። ጥሩ ጥያቄዎችም እዚያው ይገኛሉ። ቤተሰብ ልጁ ጉሮሮውን ሲያመው መጀመሪያ የት ይወስደዋል? ጤና ጣቢያ ከሄደስ ፔኒሲሊን ይሰጠዋል?

መዝገቡ ላይ ረዘም አድርጌ ልቆይ፣ ሁሉ ነገር የሚበላሸው እዚህ ነውና።

በመጀመሪያ ጥናቴ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ስልክ ቁጥር ብቻ ነበር የያዝኩት። ከዓመት በኋላ ስደውል ብዙዎቹ ዝግ ናቸው፣ አንዳንዱ ሌላ ሰው ያነሳዋል። ሥራዬ ሁሉ ሜዳ ላይ ቀረ። አሁን ሦስት ስልክ እይዛለሁ፤ የወላጅ፣ የዘመድ ወይም የጎረቤት፣ እና የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ። የልጁ ትምህርት ቤትና ክፍልም ይጻፍ። ቁጥሩን ሰውየው ፊታችሁ እንዳለ ደውላችሁ አረጋግጡ፤ ኪሱ ውስጥ ሲጮኽ ስሙት።

ስምም ያሳስታል። መሐመድ የሚለው ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዱ ጸሐፊ አንድ ዓይነት፣ ሌላው ሌላ ዓይነት ያደርገዋል፤ አንድ ልጅ ሁለት ልጅ ሆኖ ይቆጠራል። የአያት ስም አይቅር፣ ከካርድ ቁጥሩ ሌላ የራሳችሁን የጥናት ቁጥርም ስጡ።

የዘመን አቆጣጠሩን ነገር ደግሞ አደራ። እናትየዋ የነገረቻችሁ የትውልድ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው፣ ኮምፒውተሩ የሚያስበው በፈረንጅ። ሳይቀየር ከገባ የ6 ዓመቱ ልጅ 13 ወይም 14 ሆኖ ቁጭ ይላል፣ ማንም ሳያውቅ። ፎርሙ ላይ የቱ አቆጣጠር እንደሆነ የሚመረጥበት ቦታ ይኑር። ዓመቱን ለማታውቅ እናት ደግሞ በምታውቀው ነገር እርዷት፤ ለአረፋ ነበር ወይስ ለመስቀል፣ የቡና ለቀማ ላይ ነበር ወይስ ክረምት?

ቡና ካልኩ አይቀር፣ በለቀማ ወራት ቀጠሮ የሚያከብር ቤተሰብ ይቀንሳል። ሰው ልጁን ጠልቶ አይደለም፤ የዓመት ገቢው ያለው ዛፉ ላይ ነው። ስለዚህ የቀጠሮ ሰሌዳችሁን ስታወጡ ይህን ቁጠሩ፤ መርፌውን ቅርቡ ያለው ጤና ጣቢያ እንዲወጋ አመቻቹ። የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ነው፤ አንድ ቀን አይደለም፣ ለዓመታት ነው።

ይህን ሁሉ ስለመዝገብ የማወራው ለምን እንደሆነ አንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። ኡጋንዳ ጉሉ ውስጥ የተሠራ ጥናት አለ፣ በ2021 እ.ኤ.አ. ወጥቶ መላው ዓለም አነበበው። ኢኮ ላይ ብቻ የሚታይ፣ ገና ምልክት ያላሳየ የሩማቲክ ልብ በሽታ ያለባቸውን 818 ልጆች ወሰዱ። ግማሾቹ ወርኃዊ ፔኒሲሊን ተወጉ፣ ግማሾቹ አልተወጉም። ከሁለት ዓመት በኋላ በሽታው የባሰባቸው ካልተወጉት 8 በመቶ ገደማ ሲሆኑ ከተወጉት 1 በመቶ እንኳ አልሞሉም። እኔን የሚገርመኝ ሌላው ቁጥር ነው፤ ከ818ቱ 799ኙ እስከ መጨረሻው አልጠፉም። እንደኛው ባለ መንገድና እንደኛው ባለ ኑሮ!

የሥነ ምግባር ፈቃዱን እንደ ማኅተም ማስመቻ አትዩት። የወላጅ ፈቃድ ብቻውን አይበቃም፤ ነፍስ ያወቀውን ልጅ ራሱን ጠይቁት። ቅጹ በአማርኛ ብቻ ከሆነ ጅማ ዙሪያ አይሠራም፤ ወደ አፋን ኦሮሞ ይተርጎም፣ ከዚያ ሌላ ሰው ወደ አማርኛ ይመልሰውና ይታይ። አንዴ «የልብ በሯን እናያለን» የሚለውን አንዲት እናት «ደረቷን እንከፍታለን» ብላ ተረድታ ልጇን ይዛ ልትወጣ ደርሳ ነበር። እውነቷን ነው። አሁን «ልክ እርጉዝ ሴት እንደምትታይበት ያለ ማሽን ነው፣ አይወጋም፣ አይቀድም» እንላለን። ሌላው ደግሞ፣ ትምህርት ቤት ሄዳችሁ ኢኮ ከማድረጋችሁ በፊት በሽታው የተገኘበት ልጅ የት እንደሚታከም፣ መርፌውን ማን እንደሚወጋው ጨርሳችሁ ያዙ። ያ ካልተዘጋጀ አትሂዱ።

ኢኮ መማርን በተመለከተ፣ የዓለም የልብ ፌዴሬሽን ሩማቲክን በኢኮ የመለያውን የ2012 መስፈርት በ2023 እ.ኤ.አ. አሻሽሎታል፤ በእጅ የሚያዝ ትንሽ ማሽን ለመጀመሪያ ልየታ መጠቀም ይቻላል። የናንተን ንባብ ግን ብቻችሁን አትመኑ። ሁለት ሰው አንዱ የሌላውን ሳያይ ያንብብ፣ ስምምነታችሁን በቁጥር ለኩ፣ ያልተስማማችሁበትን ለሦስተኛ ሰው አሳዩ። የጆርናል ገምጋሚ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ይህንን ነው።

ለንባብ በዩኒቨርሲቲው በኩል ሂናሪ፣ የሕክምና ጆርናሎችን የምታነቡበት አገልግሎት፣ አለላችሁ። ዳታ በስልክ ለመሰብሰብ ኮቦ የተባለው መተግበሪያ ይበቃል። ለማሳተም ራሱ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚያወጣው የኢትዮጵያ የጤና ሳይንስ ጆርናል ጥሩ መነሻ ነው፤ በኢሜይል «ክቡር ፕሮፌሰር፣ በሳምንት እናወጣልዎታለን» እያለ ገንዘብ ለሚጠይቅ ግን አትመልሱ። ገንዘብ ለመፈለግ ለጀማሪ የሕፃናት ጤና ተመራማሪዎች የሚሰጠውን የትራሸር ፈንድ እዩ፤ ከፍ ስትሉ የአሜሪካው ፎጋርቲ ማዕከል እንደኛ ላሉ አገሮች ተመራማሪዎች የሚሰጠው ድጋፍ አለ።

ከውጭ ሰዎች ጋር መሥራት ጥሩ ነው፣ ግን ዳታው የት እንደሚቀመጥና የጸሐፊዎች ስም እንዴት እንደሚደረደር ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ ይለቅ። አንድ ቡድን ጋር ሠርተን ጽሑፉ ሲወጣ፣ ልጆቹን አንድ በአንድ እየደወለች የፈለገችው ነርስ ስሟ የትም አልነበረም። ዛሬም ድረስ ይሰማኛል። እናንተ አታድርጉት።

ትዕግሥቱን ከየት ላምጣ ለሚል፣ ሁለት ሰዎችን ያስብ። ዶክተር ሄለን ታውሲግ የመስማት ችሎታቸው ሲደክም የልጆችን ልብ በእጃቸው እየዳሰሱ ይመረምሩ ነበር፤ በ1944 እ.ኤ.አ. ከዶክተር ብላሎክና ከቪቪየን ቶማስ ጋር የ«ሰማያዊ ሕፃናት»ን ቀዶ ሕክምና ካስጀመሩ በኋላ የታከሙትን ልጆች ለአሥርተ ዓመታት ተከታትለዋል። የኛው ዶክተር በላይ አበጋዝ ደግሞ የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃውን በ1989 እ.ኤ.አ. አቋቁመው፣ ጥቁር አንበሳ ግቢ ያለው የልብ ማዕከል እስኪከፈት እስከ 2009 ድረስ ሃያ ዓመት ሠርተዋል።

ለሁለቱ ሬዚደንቶች የሰጠሁትም ሥራ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ከዚህ ወደ አዲስ አበባ ለልብ ሕክምና ሪፈር የተጻፈላቸውን ልጆች ዝርዝር ከካርድ ክፍል አውጡ፣ ፈቃዱን ጨርሱ፣ ከዚያ ደውሉ። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው መንገዱ። ደረሱ ወይ? ስንት ቀን ፈጀባቸው? ምን ተባሉ? ማሽን አይፈልግም፣ ስልክና ትዕግሥት ነው። ሰኞ ዕለት ጀመሩ። የመጀመሪያዋ እናት በሁለተኛው ጥሪ አነሣች። ደርሰው ነበር፤ ቀጠሮው ሲርቅ ስንቃቸው አልቆ ተመለሱ። ልጁ አሁንም ትምህርት ቤት አልሄደም። ሬዚደንቷ ስልኩን ይዛ ዞር ብላ አየችኝና «ማክሰኞ ይምጡ ልበላቸው?» አለችኝ።