ፋየርፕሌስ ያለው ቤት ለገዛችሁ፦ ጭስ ማውጫው፣ አመዱና ሰደድ እሳቱ

ዴንቨር፣ አውሮራ ወይም ካሊፎርኒያ ኮረብታ ላይ ቤት ገዝታችሁ ሳሎኑ እንጨት የሚነድበት ፋየርፕሌስ ካለው እሰየው። በብርድ እሳት ዳር ቁጭ ብሎ ቡና መጠጣት ምን ይወጣለታል። ግን እነዚህ አካባቢዎች ሰደድ እሳት የለመዳቸው ናቸው። ስለዚህ እሳቱ ወደ ሳሎን እንዳይወጣ መጠንቀቅ ብቻ አይበቃም። በጣሪያ በኩል የሚወጣው ብልጭታና በባልዲ የምታወጡት አመድ ሰፈሩን ሊበላ ይችላል።

"ሰደድ እሳት የሙቀት ወራት ጣጣ ነው፣ ፋየርፕሌስ የሚነደው በብርድ፣ ምን አገናኛቸው?" የሚል አይጠፋም። ኮሎራዶ ውስጥ የማርሻል እሳት የተነሳው ዲሴምበር 30 ቀን 2021፣ የፈረንጆች ገና ባለፈ ማግስት በሚባል ጊዜ ነው። ሳሩ ደርቋል፣ ነፋሱ በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ይነፍሳል፣ እና ሱፒሪየርና ሉዊቪል በሚባሉት ከተሞች ከ1,000 በላይ ቤት ወደመ። በ2023 ይፋ የሆነው ምርመራ ሁለት መነሻ አገኘ። አንደኛው ከተላቀቀ የኤሌክትሪክ ሽቦ ጋር የተያያዘ ነው። ሌላው ግን ከ6 ቀን በፊት ቁርጥራጭ እንጨት ተቃጥሎበት አፈር የተመለሰበት እሳት ነበር። ነፋሱ አፈሩን ገለጠውና ፍሙ ነፍስ ዘራ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ኦክላንድ ኮረብታ ላይ በኦክቶበር 1991 25 ሰው የገደለው እሳትም በዋዜማው ጠፋ የተባለ ነበር።

ስለዚህ ከአመዱ እንጀምር። እናቶቻችን ማታ እሳቱን በአመድ ዳፍነው ያድሩና ጠዋት ቆስቁሰው ያነዱት የለ? አመድ ፍም አያጠፋም፣ ያቆያል። ላዩ ነጥቶ የቀዘቀዘ የሚመስል አመድ ውስጡ ለቀናት ረመጥ ሊይዝ ይችላል። ክዳኑ ግጥም የሚል የብረት ባልዲ ግዙ። አመዱን በብረት አካፋ ዝቃችሁ ጨምሩበት፣ ውሃ አፍስሱበት፣ አማስሉት፣ ክደኑት። ከዚያ ከቤቱ ቢያንስ 10 ጫማ፣ 3 ሜትር ያህል አርቃችሁ ሲሚንቶ ላይ አስቀምጡት፣ እና ለብዙ ቀን እርሱት። የእንጨት በረንዳ ላይ አይሆንም፣ ጋራዥም አይሆንም። የወረቀት ከረጢት፣ ካርቶን፣ የፕላስቲክ ቆሻሻ መጣያ፣ ቫክዩም ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። የቡናውና የዕጣኑ ከሰልም እዚሁ ባልዲ ይግባ፣ የማጨሻ ፍም ትንሽ ስለሆነ ብቻ የሚናቅ አይደለም።

እግረ መንገዴን፦ የቡና ከሰል ፋየርፕሌሱ ውስጥ ማያያዝ ይቅርባችሁ። ከሰል ጭስ ሳይታይበት ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለቃል፣ ጋዙም ሽታ የለው። የጭስና የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ በየፎቁ ይኑር፣ ባትሪውም ይፈተሽ።

አሁን ወደ ጣሪያው። ከመንገድ ሆናችሁ የጭስ ማውጫውን ጫፍ ተመልከቱ። ቆብና የሽቦ ወንፊት አለው? ስፓርክ አሬስተር የሚሉት ይህንን ነው፣ ብልጭታ ወጥቶ ደረቅ ሳር ላይ እንዳይወድቅ የሚይዘው። በካሊፎርኒያ ደንብ የወንፊቱ ቀዳዳ ከ3/8 ኢንች ያላነሰ፣ ከ1/2 ኢንች ያልበለጠ መሆን አለበት። ሌላ ስቴት ብትኖሩም ልኩ ጥሩ ነው። "ይበልጥ ይጠብቃል" ብላችሁ ቀዳዳው በጣም የጠበበ ብታስገቡ ጥቀርሻ ይደፍነውና ጭሱ ወደ ሳሎን ይመለሳል። ዝጎ ወይም ተቀዶ ካገኛችሁት ቀይሩት። ከጫፉ በ10 ጫማ ዙሪያ ያለ ቅርንጫፍ ይቆረጥ፣ ጣሪያና አሸንዳ ላይ የተጠራቀመ ቅጠል ይጠረግ። መሰላል ላይ መውጣት ካልለመዳችሁ ሰው ቅጠሩ፣ ጀግንነት አያስፈልገውም።

የውስጡ ጠላት ክሪዮሶት ነው። የእንጨት ጭስ ሲወጣ ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ እየተለጠፈ ጥቁር ቅርፊት ይሆናል፣ እሱም ራሱ ይነዳል። እሳቱ ሙሉ በሙሉ ሲጠፋና ምድጃው ሲቀዘቅዝ ዳምፐሩን፣ ማለትም የጭስ መተላለፊያውን መዝጊያ፣ ከፍታችሁ በባትሪ ወደ ላይ እዩ፣ በብረት መቆስቆሻ ጫር አድርጉት። ቅርፊቱ 1/8 ኢንች፣ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ከደረሰ ሳይጠረግ እሳት አታንዱበት። እንደ ሬንጅ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ብሩሽ አይነካውም፣ ባለሙያ ነው የሚያወጣው። ባይመስላችሁም ቢያንስ በዓመት አንዴ ይመርመር። ጠራጊውን በሙቀቱ ወራት ብትጠሩ ይሻላል፣ ብርድ ሲጀምር ወረፋው አይቻልም። በር አንኳኩቶ በርካሽ እጠርጋለሁ ካለ በኋላ "ጭስ ማውጫችሁ ሊፈርስ ነው" እያለ ዋጋ የሚቆልል አለ፣ እሱን ሸኙት። የሙያ ማረጋገጫና ኢንሹራንስ ጠይቁ። ቤቱን አሁን የገዛችሁ ከሆነ ሌቭል 2 የሚባለውን በካሜራ የሚደረግ ምርመራ አሠሩ፣ ምክንያቱም የቤት ኢንስፔክተሩ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ድረስ አይገባም።

ክሪዮሶትን የሚያበዛው እርጥብ እንጨትና የታፈነ እሳት ነው። እንጨቱ ተፈልጦ ቢያንስ 6 ወር ይድረቅ፣ እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች ይሁን። የእርጥበት መለኪያዋ ርካሽ ናት። ሁለት ፍልጥ ስታጋጩ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደርቋል። ካርቶን፣ የስጦታ ወረቀት፣ ቀለም የተቀባ እንጨት፣ የገና ዛፍ አታንዱ፣ ብልጭታቸው ብዙ ነው። ክምሩን ቤት ግድግዳ ላይ አታስደግፉ፣ ቦታ ካለ 30 ጫማ ይራቅ።

ሬድ ፍላግ ዋርኒንግ፣ ማለትም አየሩ ደርቆ ነፋሱ በርትቶ እሳት በቀላሉ ይዛመታል የሚል ማስጠንቀቂያ፣ በወጣ ቀን ፋየርፕሌሱን አትለኩሱ፣ በቃ። ሹራብ ልበሱ።

እንዲህ ሆኖም ጭስ ማውጫው ውስጥ እሳት ሊነሳ ይችላል። ዝቅ ብሎ እንደሚበር አውሮፕላን ያጓራል፣ ከላይ ነበልባል ወይም ወፍራም ጭስ ይታያል። ሁሉም ሰው ይውጣ፣ 911 ደውሉ፣ ውሃ አትድፉበት። አንዳንዴ ደግሞ ሳትሰሙት ነዶ ይጠፋል፣ ግን የውስጡን ሸክላ ሰንጥቆት ይሄዳል። ስለዚህ ወንፊቱ ተጣሞ ወይም የሸክላ ስባሪ ምድጃው ውስጥ ወድቆ ካገኛችሁ በካሜራ እስኪታይ ድረስ ክብሪት አትጫሩ።