የውጭ አገር ፈረስ ስንመርጥ የምንሠራቸው ስህተቶች

በፈረንጆቹ ኦክቶበር የመጀመሪያው እሑድ፣ ፓሪስ ሎንሻምፕ ላይ የአርክ ደ ትሪዮምፍ (ባጭሩ አርክ) የፈረስ ሩጫ ይካሄዳል። በእኛ ሰዓት ከቀኑ 11 አለፍ ሲል ነው፤ በርጫው ሊበተን ሲል ማለት ነው። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ አንድ ጋሼ ቤት ተሰብስበን እናያለን። ጋሼ ምድር ባቡር ሲሠሩ ነው ከፈረንሳይኛው ጋር የፈረሱም ነገር የያዛቸው። ከሩጫው በፊት እያንዳንዳችን ሦስት ፈረስ መርጠን ደብተር ላይ እንጽፋለን። የባሰበት ለቤቱ ሁሉ ለስላሳ ይገዛል። ብር ማስያዝ ጋሼ አይወዱም። እኔ በየዓመቱ የገዛሁት ለስላሳ ቢደመር ኪዮስክ ያስከፍታል፤ ስለዚህ ስህተቶቹን ከሩቅ አይደለም የማውቃቸው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው።)

አንድ ነገር አስቀድመን እንለይ። ሰፈር ውስጥ ባሉት የውርርድ ቤቶች ስክሪን ላይ በየጥቂት ደቂቃው የሚጋልቡት ፈረሶች ኮምፒውተር የሚፈጥራቸው ናቸው። ሳምባ የላቸውም፣ ጭቃ አይነካቸውም፣ ትናንት የት እንደሮጡ አይጠየቅም። እነሱን «ሳጠና ነበር» የሚለኝ ሰው ያስቀኛል።

በስምና በመልክ መምረጥም አለ። በእኛ አይፈረድም፤ ሰው በፈረሱ ስም የሚጠራበት አገር ልጆች ነን። የሐረሩ ራስ መኮንን አባ ቃኘው የተባሉት በፈረሳቸው ነው፤ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃም ስሙ ከዚያው የመጣ ነው። ታዲያ ስሙ ያማረ ፈረስ ሲመጣ ልባችን ይሸፍታል። አንዱ ጓደኛችንማ ግንባሩ ነጭ የሆነ ቦራ ካየ ሌላ አይታየውም። እስካሁን አንድ ጊዜ ቀንቶታል፣ ያንኑ ዛሬም ያወራዋል።

ብዙ ያስከፈለኝ ግን ሰዓት ማወዳደር ነው። ነገሩ የሚያሳምን ይመስላል፤ ሁለቱም ሩጫ 2400 ሜትር ከሆነ፣ ቶሎ የገባው ይበልጣል አይደል? አልሞንድ አይ የምትባለው የጃፓን ፈረስ በ2018 የጃፓን ካፕን ስታሸንፍ ቶኪዮ ላይ የገባችበት ሰዓት 2 ደቂቃ ከ20.6 ሰከንድ ነው። ሎንሻምፕ ላይ በ2011 አርክን በፍጥነት የወሰደችው ዴንድሪም የፈጀባት 2 ደቂቃ ከ24.49 ሰከንድ ነው። ወደ አራት ሰከንድ ልዩነት! ይህን አይቼ የጃፓን ፈረስ በመጣ ቁጥር ከላይ እጽፈው ነበር። ኤል ኮንዶር ፓሳ በ1999 ሁለተኛ፤ ናካያማ ፌስታ በ2010 ሁለተኛ፤ ኦርፌቭር በ2012 ብቻውን ወጥቶ ሲመራ ቆይቶ፣ ወደ አጥሩ እያዘነበለ ሄዶ መጨረሻዋ ላይ ሶሌሚያ በአንገት ቀደመችው፣ በ2013ም ያው ሁለተኛ። እስከ 2025 ድረስ አርክን ያሸነፈ የጃፓን ፈረስ የለም።

ፈረሶቹ ደካማ ሆነው አይደለም። ኢኩዊኖክስ በ2023 ዱባይ ላይ ሺማ ክላሲክን ከመነሻው እስከ መጨረሻው እየመራ ነው የወሰደው። ልዩነቱ መሬቱ ነው። የቶኪዮ ሳር ጠንካራ ነው፣ እግር ያስፈነጥራል። ሎንሻምፕ መጀመሪያ ወደ 10 ሜትር ገደማ ዳገት ያስወጣል፣ ቀጥሎ ቁልቁል ያወርዳል፤ በዚያ ላይ በዚያ ወር ዝናብ ከጣለ ሳሩ እግር ይይዛል። ጋሼ ይህን ያስረዱኝ በአሸዋማው ወንዛችን በደቻቱ ነው። «አንተ ልጅ ሆነህ ደቻቱ አሸዋ ላይ ኳስ አልተጫወትክም? ሳቢያን ሜዳ ላይ ማንም የማይዘው ልጅ፣ አሸዋው ላይ ሲወርድ ምን ይሆን ነበር?» አሉኝ። እውነት ነው፤ እዚያ ሲደርስ ጉልበተኛው ነበር ንጉሡ፣ ፈጣኑ ቁርጭምጭሚቱን ይዞ ዳር ይቀመጥ ነበር። በ2021 ሎንሻምፕ ጭቃ ሆኖ ሳለ እኔ የእንግሊዙን የኤፕሰም ደርቢ ያሸነፈውን አዳያርን ጻፍኩ። አራተኛ ወጣ። ያሸነፈው ቶርኳቶር ታሶ የተባለ ከጀርመን የመጣ ፈረስ ነበር፤ እኛ ቤት አንድ ሰው እንኳን አልጻፈውም። አሁን መጀመሪያ የማየው የሩጫው ቀን ጠዋት የሚወጣውን የሜዳ ሁኔታ ነው፣ ቀጥሎ ፈረሱ እንዲህ ባለ ሜዳ ሮጦ ያውቅ እንደሆነ።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ወጥመድ የድሮ አሸናፊዎችን ዝርዝር ዝም ብሎ ማንበብ ነው። የዱባይ ዓለም ዋንጫ 2000 ሜትር ነው፣ ዛሬ የሚሮጠው አፈር ላይ ነው። ነገር ግን ሩጫው የሚካሄድበት ሜይዳን ከተከፈተበት ከ2010 እስከ 2014 ሜዳው ሰው ሠራሽ ነበር። በ2011 ያሸነፈው ቪክትዋር ፒሳ ጃፓን ውስጥ የታወቀው በሳር ሩጫ ነው። የእነዚያን አምስት ዓመታት ውጤት ይዞ «ለካ የሳር ፈረስም ዱባይ ላይ ያሸንፋል» ያለ ሰው፣ በ2015 አፈር ሲመለስ ምን እንዳገኘው ገምቱ። አፈር ላይ የፊተኛው ፈረስ የሚረጨው ፊት ይመታል፤ ያልለመደ ፈረስ አንገቱን ቀና አድርጎ ይቀራል።

ፈረሱ የሚሸከመውን ክብደት መርሳትም አለ፤ ቁጥሩ እፊታችን ተጽፎ እያለ እናልፈዋለን። አርክ ላይ የሦስት ዓመት ወንድ ፈረስ 56.5 ኪሎ ሲሸከም ከዚያ በላይ ያሉት 59.5 ይሸከማሉ፤ ሴቶቹ ደግሞ ከየእድሜያቸው ላይ 1.5 ኪሎ ይቀነስላቸዋል። ከ2011 እስከ 2018 ከተሮጡት ስምንት ሩጫዎች ሰባቱን ያሸነፉት ሴቶች ናቸው፤ ትሬቭና ኢኔብል ሁለት ሁለት ጊዜ። የአውስትራሊያው የሜልቦርን ካፕ ደግሞ ሌላ ነው። እዚያ ክብደት የሚታደለው ጎበዙን ለማክበድ ነው፤ ስለዚህ 3200 ሜትር በሙሉ «ምርጡ ፈረስ» ከደካሞቹ ጋር በተለያየ ሸክም ይታገላል። በ2015 ሚሼል ፔይን የጋለበችው ፕሪንስ ኦፍ ፔንዛንስ 53 ኪሎ ይዞ ነው ያሸነፈው፤ አንድ ብር ላስያዘ መቶ ይከፍል ነበር። ሩጫው ለእኛ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ነው፣ ፉል እየበላን ነው የምናየው።

ብዙ ሰው የመረጠውን ጠንካራ ነው ብሎ መውሰድም ያሳስታል። በ2006 የጃፓኑ ዲፕ ኢምፓክት ፓሪስ አርክን ሲሮጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ጃፓናውያን ተከትለውት መጥተው ሁሉም በእሱ ላይ አስያዙ። ክፍያው ወረደ እንጂ ጉልበቱ አልጨመረም። ሦስተኛ ገባ፤ በኋላም በምርመራ የተከለከለ መድኃኒት ተገኝቶበት ውጤቱ ተሰረዘ።

የሚሮጡት ፈረሶች የመጨረሻ ዝርዝር ሳይዘጋ መጻፍ የእኔ ብቻ ሳይሆን የጋሼም ስህተት ነው። የአሜሪካው የኬንታኪ ደርቢ በእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ስለሆነ፣ በ2022 ሐሙስ ማታ ሁላችንም ጽፈን ደብተሩን ዘጋን። ዓርብ ጠዋት አንድ ፈረስ ወጣና በምትኩ ሪች ስትራይክ ገባ፤ ከሃያዎቹ በሮች ዳር ከ20ኛው ተነስቶ፣ አንድ ብር ላስያዘ 80 በሚከፈልበት ግምት አሸነፈ። እሑድ ጠዋት ጋሼ ደብተሩን ገልጠው ስሙን ከላይ እስከ ታች ፈለጉ። «አቦ፣ ይሄ ከየት መጣ?» አሉና ለስላሳውን ራሳቸው ገዙ።