ሲሊንደር እያለ ስኖርክል ለምን? ጀማሪ ጠላቂዎች የሚደጋግሟቸው ስህተቶች

ጂማ ባሕር የላትም። ቀልዱን ስለለመድኩት እለፉት። ጅቡቲ በጠላቂዎች ጀልባ ላይ ስሠራ ቆይቼ ነው የተመለስኩት። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ በአንድ ሆቴል መዋኛ ገንዳ ለጥቂት ወጣቶች መሠረታዊውን አሳያለሁ። ኮርሱን ጅቡቲ ወርደው ይጨርሱታል። ሁሉም በመጀመሪያው ቀን የሚጠይቁኝ አንድ ነው፦ "ጋሼ፣ ጀርባችን ላይ አየር ተሸክመን ይቺ ቱቦ ምን ትሠራለች?" አየሩ የታጨቀበት ጋን ሲሊንደር ነው፤ ቱቦዋ ደግሞ ስኖርክል፣ አንዱ ጫፏ ተነክሶ ሌላው ከውሃው በላይ ሆኖ የሚተነፈስባት።

"አያስፈልግም" ብሎ ጀልባ ላይ ጥሎ መውረድ

ይህን ያደረግኩት እኔው ነኝ። ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ላይ ከጓደኛዬ ጋር ጠልቀን ስንወጣ ጀልባችን ርቋል። ማዕበሉ ትልቅ አልነበረም። አጭርና ቶሎ ቶሎ ፊት የሚመታ ዓይነት ነው። ጌጄን (የሲሊንደሩን ግፊት የሚያሳየውን መለኪያ) ሳየው 40 ባር ቀርቷል። በ12 ሊትር ሲሊንደር 480 ሊትር አየር ማለት ነው። ተረጋግቶ የሚተነፍስ ሰው ውሃ ላይ ሆኖ በደቂቃ ከ15 እስከ 20 ሊትር ይጨርሳል። እኔ ግን አልተረጋጋሁም። ሬጉሌተሩን (አፍ ውስጥ ተነክሶ የሲሊንደሩን አየር የሚሰጠውን ዕቃ) ሳወጣው ጨው ውሃ እውጣለሁ፣ ስመልሰው ጌጁ ይወርዳል፣ ጌጁን ሳይ ደግሞ ይበልጥ አለከልካለሁ። በእጥፍ ከተነፈሱ 480 ሊትር 12 ደቂቃ ነው።

ጓደኛዬስ? ስኖርክሉን ነክሶ፣ ፊቱን ውሃ ውስጥ ደፍቶ ዓሣ ያያል! ቀና ብሎ "ምን ሆነሃል?" ሲለኝ እስካሁን ያናድደኛል።

"ጃኬቱን ነፍተህ በጀርባህ ተንሳፈፍ" የሚሉ አሉ። ጃኬት የሚሉት አየር ተነፍቶበት የሚያንሳፍፈውን የጠላቂ ልብስ ነው። ልክ ናቸው፣ እኔም አስተምረዋለሁ። ውሃው ጸጥ ሲል ከዚያ የሚሻል የለም። ማዕበሉ ፊት ላይ ሲሰበር ግን በጀርባ መተኛት በባልዲ እንደመታጠብ ነው። ሳይጠልቁም በፊት፣ ሌሎች እስኪዘጋጁ ውሃ ላይ 10 ደቂቃ ከሲሊንደር መተንፈስ 15 ባር ገደማ ይበላል። ያ አየር ከታች ነው የሚፈለገው።

ስኖርክሉን ከማስክ ላይ ጨርሶ አለማውረድ

ሌላኛው ጫፍ። ወራጅ ውሃ ሲኖር ስኖርክሉ የታሰረበትን ማስክ (ዓይንና አፍንጫ የሚሸፍነውን መነጽር) ይጎትታል፣ ውሃ ያስገባል። የሰመጠ መርከብ ወይም የዓሣ መረብ አጠገብ ደግሞ ያጠላልፋል። የሚታጠፍ ገዝታችሁ ጃኬት ኪስ ውስጥ ክተቱት። ክርክሩ ለእኔ እዚያ ላይ አልቋል።

በቀኝ በኩል ማሰር

ሬጉሌተር በቀኝ ትከሻ ይመጣል። ስኖርክል በግራ። በቃ።

ስኖርክል ነክሶ መስመጥ

ስኖርክሉም ሬጉሌተሩም አፍ ውስጥ ሲገቡ ላስቲክ ስለሆኑ ይምታታሉ። ባለፈው አንዷ ተማሪዬ የጃኬቷን አየር አስተንፍሳ፣ አውራ ጣቷን ወደ ታች አድርጋ ምልክት ሰጠችኝና ወረደች። ቱቦዋ አብሯት ወረደ። ገንዳው አንገቷ ድረስ ስለሆነ ቆማ ሳል ያዛት፣ እኔም ሳቅኩ። ባሕር ላይ ቢሆን አልስቅም ነበር። ጃኬት ከማስተንፈሳችሁ በፊት ጌጁን እያያችሁ ከሬጉሌተር ሁለት ሦስት ጊዜ ተንፍሱ። መርፌው ካልተወዛወዘና አየሩ ካልተቋረጠ ውረዱ።

ቱቦውን ማስረዘም

እዚህ ላይ ትዕግሥት የለኝም። አንድ ልጅ የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚገባበትን የፕላስቲክ ቱቦ አንድ ሜትር ቆርጦ፣ ጫፉን በፕላስተር ጠቅልሎ አመጣልኝ። "ጋሼ፣ በዚህ እኮ ገንዳው ወለል ላይ መቀመጥ ይቻላል!" አይቻልም! ፊልም ላይ በሸምበቆ ተንፍሶ ከጠላት የሚደበቀውን ሰውዬ እርሱት። አንድ ሜትር ውሃ ደረት ላይ አንድ አሥረኛ ከባቢ አየር ያህል ተጨማሪ ጫና ያሳርፋል። ሳንባ ውስጥ ያለው አየር ግን በቱቦው ከላይ ካለው ጋር የተያያዘ ስለሆነ ጫናውን የሚመልስ ነገር የለም። ደረት ለመክፈት ትታገላላችሁ፣ ሳንባም ሊጎዳ ይችላል። በዚያ ላይ ያወጣችሁት የተቃጠለ አየር ቱቦው ውስጥ ቀርቶ መልሳችሁ ትስቡታላችሁ። ስኖርክል ከ40 ሴንቲ ሜትር የማይበልጠው ፋብሪካው ፕላስቲክ ቆጥቦ አይደለም። ሲሊንደር የሚሠራው ሬጉሌተሩ አየሩን በዙሪያችን ባለው ውሃ ግፊት ልክ ስለሚሰጠን ነው። ቱቦውን ወሰድኩበት፤ አሁን ደጄ ላይ የጎመን መደብ አጠጣበታለሁ።

ሙሉ ፊት የሚሸፍነው የስኖርክል ማስክ

ለመዝናኛ ዋና የሚሆን ነው። ሬጉሌተር የሚነከስበት ቦታ የለውም። ለጥልቀት አታምጡት።

"ቦዬ ሄደን እንለማመድ"

ጂማ አጠገብ ያለው የቦዬ ውሃ ጉማሬ አለው።

ጠልቆ በዚያው ቀን ወደ ቤት መነሳት

ከስኖርክል ጋር አይገናኝም፣ ግን በየዓመቱ የሚሞክረው አይጠፋም። ከጠለቁ በኋላ ቶሎ ከፍታ ላይ መውጣት ሰውነት ውስጥ የቀረውን ጋዝ አረፋ ሊያደርገውና ሊጎዳ ይችላል። ለተከታታይ ቀናት ከጠለቃችሁ አውሮፕላን ለመሳፈር ቢያንስ 18 ሰዓት ጠብቁ። በመኪናም "አልበረርኩም" አይባልም። ጅቡቲ ባሕር ጠርዝ ናት፣ ጂማ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፣ መንገዱ ሽቅብ ነው። ሙቀቱን ቻሉትና አንድ ሌሊት ጨምራችሁ እደሩ።