የዲዝኒላንድ የዓመት መግቢያ በወር ክፍያ፦ ችግሩና መፍትሄው

ሎስ አንጀለስ አካባቢ ልጅ የሚያሳድግ ሐበሻ ከዲዝኒላንድ ጥያቄ አያመልጥም። የአንድ ቀን ትኬት ለመላው ቤተሰብ ሲደመር ያስደነግጣል። ስለዚህ ብዙ ሰው ማጂክ ኪይ የሚባለውን የዓመት መግቢያ ይገዛል። መጀመሪያ ቅድሚያ ክፍያ ይከፍልና ቀሪውን በ12 ወር ያለ ወለድ ይጨርሳል።

ነገሩ ጥሩ ነው። ችግር ሲመጣ ግን ሥሩ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ ሰው እንደ ኔትፍሊክስ ያየዋል። አይደለም። ዓመቱን ሙሉ አንዴ ገዝታችኋል፤ በየወሩ የምትከፍሉት ዕዳውን ነው። እቁብ ላይ ዕጣው መጀመሪያ የወጣለት ሰው እስከ መጨረሻው እንደሚከፍለው ማለት ነው።

በወር የመክፈል ምርጫው ጭራሽ አይታይም

ጉዳዩ አድራሻ ነው። የወር ክፍያው ለካሊፎርኒያ ነዋሪ ብቻ ነው። አካውንታችሁ ላይ የድሮው የቨርጂኒያ ወይም የሲያትል አድራሻ ተቀምጦ ከሆነ ምርጫው አይመጣም። መጀመሪያ አድራሻውን አስተካክሉ፤ ከዚያ ወጥታችሁ እንደገና ግቡ። ኢማጂን የሚባለው ርካሹ ዓይነት ደግሞ ከዚህም ይጠብባል፤ ለደቡብ ካሊፎርኒያ፣ ማለትም ዚፕ ኮዱ ከ90000 እስከ 93599 ለሆነ ሰው ብቻ ነው።

ላስ ቬጋስ ያሉ ዘመዶቻችን ቅርብ ቢሆኑም ይህ አይመለከታቸውም። መግዛት ይችላሉ፤ ግን ሙሉውን በአንድ ጊዜ። «የአጎትህን ልጅ አድራሻ ጻፍ» የሚል መካሪ አይጠፋም። ከአድራሻው ጋር የሚገጥም መታወቂያ ይጠየቃል፤ ተዉት።

አድራሻው ልክ ሆኖም ካልታየ፣ የፈለጋችሁት ዓይነት ሽያጭ ቆሞ ይሆናል። አልፎ አልፎ ያቆሙታል። መጠበቅ ብቻ ነው።

ሲገዙ ካርዱ አልሰራም ይላል

ለአምስት ሰው ቅድሚያ ክፍያ በአንዴ ሲቆረጥ የዴቢት ካርድ የቀን ገደብ ሊያልፍ ይችላል። ባንኩም ማጭበርበር መስሎት ያግደዋል። ደጋግማችሁ አትሞክሩ፤ መጀመሪያ ባንኩ ጋር ደውሉ።

ሲከፈል የኖረው መግቢያ በር ላይ ታገደ

ይሄኛው በጣም የተለመደው ነው። ልጆቹ ጆሮ ያለው ኮፍያቸውን አድርገው ተሰልፈዋል፤ ስካነሩ ግን አልፈቅድም ይላል። አንድ ወር ክፍያ ሲያልፍ መግቢያው ይታገዳል።

ያለፈበት ምክንያት ምንድን ነው? አንዳንዴ ገንዘብ አልነበረም። ክፍያው የቤት ኪራይ ከሚወጣበት ቀን ጋር ገጥሞ ሒሳቡ ባዶ ሆኖ ጠብቆታል። ከዚያ በላይ የሚያጋጥመው ግን የካርድ መቀየር ነው። ካርዱ ጊዜው አልፏል፣ ወይም ጠፍቶ ባንኩ አዲስ ቁጥር ልኳል። እናንተ የዲዝኒላንድ አፕ ላይ ምግብ የምታዝዙበትን ካርድ ቀይራችሁ ጨርሻለሁ ብላችኋል። የወር ክፍያው ካርድ ግን የሚቀየረው ከራሱ ከኮንትራቱ ገጽ ነው። እዚያ ገብታችሁ አዲሱን ካርድ አስገቡ፣ ያለፈውን ክፈሉ፣ ይከፈታል። ይህንን ቤት ሆናችሁ፣ ከጉዞው ጥቂት ቀን ቀድማችሁ ብታዩት ይሻላል። በር ላይ ቆሞ የይለፍ ቃል ማስታወስ ከባድ ነው።

ማቆም እንፈልጋለን፣ ግን መቁረጡን አላቆመም

ሥራ ተቀየረ፣ ወይም ወደ ዳላስ ልትሄዱ ነው። ያሳዝናል እንጂ አይቆምም። መግቢያው ተመላሽ የለውም፤ ባትሄዱም ዕዳው ይቀጥላል። ካርዱን መዝጋት መፍትሄ የሚመስላቸው አሉ። ካርዱ ይዘጋል፣ ዕዳው አይዘጋም። ኮሌክሽን (ዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት ጋር) ከገባ ክሬዲታችሁ ይበላሻል፤ ለመግቢያ ብላችሁ የቤት ብድር አታበላሹ። ከቻላችሁ ጨርሱት፤ እስኪያልቅም ተጠቀሙበት።

ዓመቱ አለቀ፣ አሁንም ይቆርጣል

እዚህ ላይ ፓርኮቹ ይለያያሉ። የማጂክ ኪይ ክፍያ በ12 ወር ያልቃል። ሳንዲዬጎ ያለው ሲወርልድ የሚባለው ፓርክ ግን የወር ክፍያው ከ12 ወር በኋላ እስክታቆሙት ድረስ በየወሩ ይቀጥላል። በዚሁ ኩባንያ የወር ክፍያ ላይ ፍሎሪዳ ውስጥ ክስ ተመሥርቶ ነበር። ኮንትራቱ «ከ12 ወር ባነሰ ጊዜ ተከፍሎ ያለቀ አይታደስም» ይላል፤ ኩባንያው ግን ማስከፈሉን ቀጥሏል የሚል። እ.ኤ.አ. በ2020 በ11.5 ሚሊዮን ዶላር ተስማምተው ጨረሱ። ደንበኞቹ የከሰሱት ያንን አንዲት መስመር ይዘው ነው። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት «እድሳት» የሚለውን ክፍል ፈልጉ።

ገንዘቡ መቆረጥ ከጀመረ ደግሞ እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ ራሱ ፓርኩ ጋር ሰርዙ፤ የማረጋገጫውን ኢሜይል አስቀምጡ፣ ስክሪንሾት አንሱ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ኦንላይን የገባችሁበትን ተደጋጋሚ ክፍያ ኦንላይን የመሰረዝ መብት ከ2018 ጀምሮ አላችሁ፤ «ደውሉልን» ብቻ ካሏችሁ ይህን ንገሯቸው። በዴቢት ካርድ ከሆነ የሚቀጥለው ክፍያ ከመውጣቱ ቢያንስ 3 የሥራ ቀን በፊት ባንኩን አስቁሙልኝ ማለት ይቻላል። ያለአግባብ የወጣውን ለማስመለስ የባንኩ መግለጫ ከተላከላችሁ በ60 ቀን ውስጥ አመልክቱ። ክሬዲት ካርድም 60 ቀን ነው። «ነገ እደውላለሁ» የሚል ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው።

ክፍያው ሁሉ ደህና ነው፣ ግን መግባት አልተቻለም

ገንዘብ ላይ አትፈልጉ፤ ቀኑን እዩ። ማጂክ ኪይ መክፈል ብቻ አይበቃውም፤ ቀን ማስያዝ አለባችሁ። ዝግ ቀኖችም አሉ። ኢንስፓየር የሚባለው ውዱ ዓይነት እንኳ በፈረንጅ ገናና በአዲስ ዓመት መካከል ይዘጋል። የእኛ ገና ጃንዋሪ 7 መሆኑ ለአንድ ነገር ጠቀመ።

ሌላው የቀጠሮ ጉዳይ ነው። በ90 ቀን ውስጥ ሦስቴ ቀን ይዛችሁ ከቀራችሁ ለ30 ቀን አዲስ ቀን መያዝ አትችሉም፤ ወርሃዊ ክፍያው ግን ይቀጥላል። ልጁ ትኩሳት ይዞት መሄድ ካልቻላችሁ፣ ከዋዜማው እኩለ ሌሊት በፊት አፑ ላይ ገብታችሁ ሰርዙ።