«መርመር» (murmur) የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ስንተረጉም ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የንብ ጥዝታ፣ የጅረት ድምፅ፣ የሕዝብ ቅሬታ፣ ከልብ የሚሰማ ተጨማሪ ድምፅ፤ እንግሊዝኛ ለእነዚህ ሁሉ መርመር የሚለውን አንድ ቃል ይጠቀማል። «ለስላሳ ድምፅ» ብሎ ብቻ የያዘው ተርጓሚ ቶሎ ይሳሳታል።

ሹክሹክታ ብሎ መተርጎም። በብዛት የሚታየው ስህተት ይህ ነው። ስንንሾካሾክ የድምፅ አውታሮች አይርገበገቡም፤ የሚወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። ጣትዎን ጉሮሮዎ ላይ አድርገው «ና» የሚለውን መጀመሪያ በሹክሹክታ፣ ቀጥሎ ዝቅ ባለ ድምፅ ይበሉት። በሁለተኛው ጊዜ ጣትዎ ሥር ንዝረት ይሰማዎታል፤ መርመር ያ ነው። በሥነ ድምፅ ጥናትም ቃሉ አውታሮቹ እየተርገበገቡ ትንፋሽ አብሮ የሚወጣበትን አነጋገር ይጠራል፤ ሂንዲና ጉጃራቲ እንዲህ ያሉ ድምፆች አሏቸው።

ከአማርኛው «መረመረ» ጋር ማዛመድ። በፊደላችን ሲጻፍ መመሳሰሉ አጋጣሚ ነው፤ ዝምድና የላቸውም።

ቃሉ ከጥንትም ለስላሳ ነበር ብሎ ማሰብ። አልነበረም። በላቲን ሙርሙር ከንብ ድምፅ አንሥቶ እስከ ባሕር ጩኸትና ነጎድጓድ ድረስ ይሸፍን ነበር። በፈረንሳይኛ በኩል አልፎ በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እንግሊዝኛ ሲገባ ደግሞ ይዞት የመጣው ትርጉም የሕዝብ ቅሬታ ነው፤ ዝቅ ባለ ድምፅ የተነገረ ቃል የሚለው የመጣው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በ1611 የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ በዘጸአት 16 እስራኤላውያን በሙሴና በአሮን ላይ ያደረጉትን በዚሁ ቃል ይገልጸዋል፤ የእኛው «አንጎራጎሩ» ይላል። ለእኔ ከዚህ የተሻለ አቻ የለም፤ አንጎራጎረ ቅሬታንም፣ ለራስ የሚዜም እንጉርጉሮንም ይይዛልና። ስለዚህ «ያለ መርመር ታዘዘ» የሚል የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ሲያጋጥምዎ «ድምፅ ሳያሰማ» አይበሉ፤ «ሳያንጎራጉር ታዘዘ» ነው።

ተመሳሳይ ቃል ሁሉ የተወረሰ ነው ማለት። የጀርመንኛው ሙርመልን፣ የቱርክኛው ምርልዳንማክ፣ የአማርኛው ማጉረምረም ሁሉም «ም» እና «ር» አሏቸው። ይህ ብቻውን አንዱ ከሌላው መወሰዱን አያሳይም፤ ድምፅን አስመስለው የሚፈጠሩ ቃላት በየቋንቋው ለየብቻቸው ሊበቅሉ ይችላሉ። የውርስ መንገድ የሚረጋገጠው እንደ ላቲን፣ ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛው በጽሑፍ ማስረጃ ሲከተሉት ነው።

በሕክምና ላይ «ልብዎ ያጉረመርማል» ብሎ ማስተርጎም። ይህ ሰው ያስደነግጣል፤ በውጭ አገር ሆስፒታል ለወገናቸው የሚያስተረጉሙ ሰዎች በተለይ ሊጠነቀቁበት ይገባል። ጤናማ ልብ በእያንዳንዱ ምት ሁለት ድምፅ ያሰማል። መርመር የሚባለው ደም በልብ ውስጥ ሲያልፍ፣ ለምሳሌ በጠበበ ወይም በደንብ በማይዘጋ የልብ በር (ቫልቭ)፣ አለዚያም በቀዳዳ በኩል፣ እየተናወጠ የሚፈጥረው ተጨማሪ ድምፅ ነው። «ደም በልብ ውስጥ ሲያልፍ የሚሰማ ተጨማሪ ድምፅ» ቢባል ይበቃል። ድምፁ የሕመም ስም አይደለም፤ በብዙ ጤነኛ ልጆች ላይ ያለ ምንም ጉዳት ይሰማል። በሌላ በኩል ግን፣ በአገራችን እንደምናውቀው፣ ከጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ የልብ በሮችን የሚጎዳው የሩማቲክ ልብ ሕመም ምልክትም ሊሆን ይችላል።

ሐኪሙ ድምፁን ከ1 እስከ 6 ደረጃ ይሰጠዋል። 1 በጸጥታ በጥንቃቄ ካልተዳመጠ የማይሰማው ነው፤ ከ4 ጀምሮ ደረት ላይ በተቀመጠ እጅ ንዝረቱ ይታወቃል፤ 6ኛው ማዳመጫው ከደረት ትንሽ ቢነሣም ይሰማል። እዚህ ላይ ቃሉን «ለስላሳ» ብሎ መተርጎም ከነጭራሹ ያሳስታል። «3 ከ6» የተባለውን «ልብዎ በግማሽ ተጎድቷል» ብሎ ማስተላለፍም እንዲሁ፤ ቁጥሩ የሚለካው የድምፁን ጉልበት እንጂ የሕመሙን ክብደት አይደለም። በታችኞቹ የልብ ክፍሎች መካከል ያለ ትንሽ ቀዳዳ ከትልቁ የበለጠ ሊጮህ ይችላል፤ ደሙ በጠባብ መንገድ በኃይል ስለሚወረወር።