በብስክሌት ለምትቃኙ ፖሊሶች፦ ኮርቻችሁን እዩት

የብስክሌት ፖሊስ አካል ብቃት ሲነሳ ወሬው ሁሉ ስለ እግርና ስለ ትንፋሽ ነው። እባካችሁ ኮርቻውንም አስቡበት። አፍንጫው፣ ማለትም ወደ ፊት የሚሾለው ጫፉ፣ ረዘም ያለው የተለመደው ኮርቻ በሁለቱ የመቀመጫ አጥንቶች መካከል ያለውን ለስላሳ ቦታ ይጫናል። በዚያ የሚያልፉት ነርቮችና የደም ሥሮች ሲጨፈለቁ መደንዘዝ ይመጣል። ብዙዎች አፍረው አይናገሩትም፤ ግን የሚያሳፍር ነገር የለውም፣ የሥራ ጉዳት ነው።

የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደህንነትና ጤና ተቋም እነዚህን ፖሊሶች አጥንቶ አፍንጫ የሌለው ኮርቻ መክሯል። እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው ጥናት፣ ፖሊሶቹ ለ6 ወር ሲጠቀሙበት መደንዘዙ በጣም ቀንሷል። መጀመሪያ ላይ ሚዛን መጠበቁ ሊከብድ ስለሚችል፣ መንገድ ከመውጣታችሁ በፊት ሜዳ ላይ ተለማመዱበት። የኮርቻውን ቁመትም አስተካክሉ፤ ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበት በትንሹ ይታጠፍ።

ልምምዱም ሥራውን ይምሰል። 30 ሰከንድ በሙሉ ኃይል፣ 2 ደቂቃ በዝግታ፣ ጥቂት ዙር። በመጨረሻው ዙር ከብስክሌቱ ውረዱና ሩጡ፤ ተጠርጣሪ ስታሳድዱ የሚጠብቃችሁ እሱ ነውና። መደንዘዙ ካልለቀቃችሁ ግን ሐኪም ጋ ሂዱ።