ግራ ጉንጬና የመኪናዬ መስኮት

ከአዳማ አዲስ አበባ ዶልፊን መንዳት ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆነኝ። አንድ ማታ ባለቤቴ እራት እያቀረበች ፊቴን ትክ ብላ አየችና «ግራህ የሌላ ሰው ነው እንዴ?» አለችኝ። ጠዋት በስፖኪዮ አየሁት። እውነቷን ነው። በመስኮቱ በኩል ያለው ጉንጬ ጠቁሯል፣ ሻክሯል፣ ማድያትም ጣል ጣል ብሎበታል። ቀኙ ደህና ነው።

ነገሩ ከመስታወቱ ነው። የፊት መስታወት ድርብ ስለሆነ ቆዳ የሚጎዳውን ጨረር አብዛኛውን ያስቀረዋል። የጎኑ ግን ጠልቆ የሚገባውን ጨረር በደንብ ያሳልፋል። አዳማ ደግሞ ሙቀቷ ቆላ ያስመስላታል እንጂ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከፍ ባልን ቁጥር ፀሐዩ ይበረታል።

መጀመሪያ ያደረግኩትን አታድርጉ። ሎሚ በስኳር አሸሁና መሪ ያዝኩ። ሎሚ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ይቃጠላል፤ ሞጆ ሳልደርስ ፊቴ ነደደ። ቀጥሎ አንድ ሱቅ ምን እንዳለበት ያልተጻፈበት ክሬም ሸጠልኝ። በሳምንቱ ፊቴ ጠራ፣ ደስ አለኝ። ሳቆመው ቀልቶ፣ ብጉር አውጥቶ፣ ከድሮው ብሶ ቁጭ። የቆዳ ሐኪሟ እንዳለችኝ እንዲህ ያሉት ብዙ ጊዜ ስቴሮይድ የሚባል ኃይለኛ መድኃኒት አለባቸው፤ ቆዳን ያሳሳሉ።

እሷው ናት ያስረዳችኝ። ቆዳ ራሱን ይቀይራል። አዲሱ ሴል ከታች ይፈጠራል፣ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል፣ ደርቆ ይረግፋል። በወጣትነት 28 ቀን ገደማ ይፈጅበታል፤ ዕድሜ ሲገፋ ከ40 ቀንም ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ በሳምንቱ «አልሠራልኝም» ብላችሁ ክሬም አትቀያይሩ። እኔ የካቲት ላይ ጀምሬ ለውጥ ያየሁት ፋሲካ ሲደርስ ነው።

ዋናው የፀሐይ መከላከያ ክሬም ነው። ኤስፒኤፍ የሚባለው፣ የመከላከል አቅሙን የሚያሳየው ቁጥር፣ 30 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። መጠኑ ላይ ሰው ሁሉ ይሰስታል። ጠቋሚና መሃል ጣቴ ላይ ከሥር እስከ ጫፍ አሰምራለሁ፤ ያ ለፊትና ለአንገት ነው። ጆሮ አይረሳ። ከመውጣቴ 15 ደቂቃ በፊት እቀባለሁ፣ አዲስ አበባ ደርሼ ተራ ስጠብቅ እደግማለሁ፤ በየ2 ሰዓቱ ነው የሚባለው። መጀመሪያ የገዛሁት ፊቴን ስላነጣው ረዳቴ «ጋሼ፣ ኖራ ተቀባህ እንዴ?» ብሎ ጋቢና ያሉትን ሁሉ አሳቀብኝ። አሁን ቡናማ ቀለም ያለውን ነው የምጠቀመው። አይታወቅም፣ ለማድያትም ይሻላል፤ ማድያትን የሚያብሰው በዓይን የሚታየው ብርሃን ጭምር ስለሆነ። ዳሽቦርድ ላይ ግን አታስቀምጡት፤ ሙቀት ያበላሸዋል። የኔ ቦርሳ ውስጥ በፎጣ ተጠቅልሎ ወንበር ሥር ነው የሚውለው።

ማታ አቧራውን ማጠብ ነው። ድሮ መኪና ሳጥብ በዚያው በልብስ ሳሙና ፊቴንም እፈትግ ነበር። አሁን ለስላሳ ሳሙና፣ ለብ ያለ ውሃ። ፎጣውን ጫን ጫን አድርጋችሁ አድርቁ እንጂ አትሹበት። ፊታችሁ እርጥብ እንዳለ ሎሽን ቀቡ። ሎሽን ከተወደደባችሁ በውሃ የቀጠነ ግሊሰሪን ይበቃል። ለተረከዝና ለክርን ቫዝሊን።

ሬቲኖል የሚባለው ቅባት የቆዳውን መቀያየር ያፋጥናል። የአተር ፍሬ የምታህል፣ ማታ ብቻ፣ በሳምንት 2 ቀን ጀምሩ። ነፍሰ ጡር አትንካው። ለኔ ቆዳዬ ስለተቆጣ ሐኪሟ ቆይ ብላኛለች።

ምግብ ላይ ብዙ አልፈላሰፍም፤ ምስር፣ ጎመን፣ ፓፓያ፣ ውሃ። እንቅልፍ ግን የኛ የሾፌሮች ጣጣ ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስቶ፣ ከሰዓት ጫት ይዞ፣ እኩለ ሌሊት ድረስ ዓይን ማፍጠጥ። ጫቱን ከተውኩ ወዲህ 3 ሰዓት ላይ ተኝቻለሁ። ፊቴ ላይ ሁሉም ሰው ያየልኝ ለውጥ ከዚያ የመጣ ይመስለኛል።

ግራ ክንዴ ላይ ክሬም አልጨርስም። እጅጌው ረጅም ሸሚዝ ገዝቻለሁ፤ ግንቦትም ቢሆን አልሰበስበውም።